ከቁልቋል በር የወጣው ቀይ ጣሳ

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጎንደር ነው የምኖረው። ወንድሜ ከዱባይ የወርቅ ዲቴክተር ላከልኝ። ወርቅ አላገኘሁም፤ ግን ቁልቋል በር አካባቢ ማሽኑ ደጋግሞ ሲጮህብኝ ቆፍሬ ብዙ ነገር አወጣሁ። አረንጓዴ የለበሰ ሃያ የሚሆን ቀለህ፣ ግማሾቹ ከነእርሳሳቸው ናቸው፤ ቂጣቸው ላይ 936 የሚል ቁጥር አለ። ስድስት ጥይት የሚይዝ የናስ መያዣ አለ። አምስት ጫፍ ያላት ትንሽ ኮከብ አለች። ከላዩ እሳት የሚነድ ኳስ የመሰለ የቆብ ምልክትም አግኝቻለሁ። አንድ ደግሞ የቲማቲም ድልህ ጣሳ የሚያክል ቀለል ያለ ነገር አለ፤ ቀይ ቀለም ነበረው፣ ስነቀንቀው ውስጡ ይንኳኳል። አንዳንዱ ‹ጋፋት ሩቅ ስላልሆነ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው› ይለኛል። ኮከቧን ያየ ‹የደርግ ነው› ይላል። ምንድን ናቸው? በሎሚና በአሸዋ ልፈትጋቸው? ስንት ያወጣሉ? ጣሳውንስ ልክፈተው? ውስጡ ሜርኩሪ አለው የሚሉኝ አሉ።»

ከመጨረሻው ልነሳ። ጣሳውን አትክፈተው። ከእንግዲህ አትንካው፣ ለሰው ለማሳየት አታንሳው፣ ቦታ ልቀይርለት አትበል። የገለጽከው ነገር የጣሊያን የእጅ ቦምብ ነው ብዬ ነው የምወስደው፤ አንተም እንዲሁ ውሰደው። ቤትህ ውስጥ ካለ ልጆችንና ቤተሰቡን አውጣ፣ በሩን ቆልፍ፣ ማንም እንዳይገባ አድርግ፣ ከዚያ ለፖሊስ ደውል። ባጃጅ ላይ ጭነህ ጣቢያ እንዳትወስደው። ብዙ ሰው «ላስረክብ» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ናቸው ወደ ዕቃው መምጣት ያለባቸው፤ ፖሊስ ደግሞ ከመከላከያ የፈንጂ ባለሙያ ይጠራል። ይህን ጽሑፍ ከዚህ በላይ ሳታነብ አቁመህ ብትደውል ደስ ይለኛል፤ ቀሪው የትም አይሄድም።

ለምን እንዲህ እንደተጨነቅኩ ልንገርህ። የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1935 ሦስት ዓይነት የእጅ ቦምብ ተቀብሎ ነበር፤ ስማቸው ኤስ አር ሲ ኤም፣ ኦቶ እና ብሬዳ ነው። አካላቸው አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ናቸው። ኤስ አር ሲ ኤም የሚባለው ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ነው። ቀይ ይቀቡ ስለነበር እንግሊዞች «ቀይ ሰይጣን» ብለው ስም አወጡላቸው። ከሌላው የእጅ ቦምብ የሚለያቸው አፈነዳዳቸው ነው። ብዙው የእጅ ቦምብ ቀለበቱ ተነቅሎ ከእጅ ከተለቀቀ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ቆጥሮ ይፈነዳል። የጣሊያኖቹ ግን ሰከንድ አይቆጥሩም፤ የሚፈነዱት ሲመቱ ነው፣ በየትኛውም ጎናቸው ይውደቁ። ወታደሩ አንዱን መከላከያ በእጁ ይነቅላል፣ ሁለተኛው በአየር ላይ ተገንጥሎ ይወድቃል፣ ከዚያ በኋላ መምቻውን እሳት ከሚጭረው ካፕሱል የሚለየው አንድ ደካማ ሞላ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቦምቡ ለስላሳ አፈር ወይም ሣር ላይ ወደቀ እንበል። ከሸፈ። ከሸፈ ማለት ግን ሞተ ማለት አይደለም። ሁለቱም መከላከያ ወልቋል፣ የቀረው ያ ሞላ ነው፤ እሱም ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲዝግና ሲሳሳ ኖሯል። «ዝጓል፣ አርጅቷል፣ ምንም አያደርግም» የሚለው ሐሳብ የተገላቢጦሽ ነው። ዝገት የሚበላው መከላከያውን ነው። ውስጡ ያለው ፈንጂ አይዝግም፣ አይበሰብስም፤ ቲ ኤን ቲ የሚባለው ፈንጂ መሬት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ስትነቀንቀው የሰማኸው ድምፅ የተላቀቀ ነገር እንዳለ ነው የሚነግርህ። ምን እንደተላቀቀ ለማወቅ መሞከር የአንተ ሥራ አይደለም፣ የእኔም አይደለም።

ሜርኩሪውን በተመለከተ ደግሞ፣ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባለው ነገር ወሬ ነው። በአሮጌ ቦምብ ውስጥ፣ በአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ፣ በስፌት መኪና ውስጥ አለ እየተባለ በየአገሩ ይወራል፤ አለ ተብሎ ዋጋ ይጠራለታል። ማንም አሳይቶት አያውቅም። ቦምብ ሲከፍት የተገኘ ሰው የሚያገኘው ፈንጂ ነው። የነገረህ ሰው ገዢ አለኝ ካለህ ከዚያ ሰው ራቅ።

አሁን ወደ ሌሎቹ እንሂድ። መጀመሪያ ቴዎድሮስን እናንሳ፣ ምክንያቱም ጥያቄህ ውስጥ ያለው ስሜት ይገባኛል። ጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት አገር ነው፣ ከዚያ አካባቢ የወጣ ብረት ሁሉ የዚያ ታሪክ ቁራጭ ቢሆን ማን ይጠላል። ግን አይሆንም። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ጠመንጃ በብዛት ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ከእንዲህ ያለ ጦር ሜዳ የምታገኘው ክብ የእርሳስ ድብልብል ነው፤ የናስ ቀለህ አይኖረውም። መቅደላ የመጡት እንግሊዞች እንኳ ይዘውት የነበረው ስናድር፣ ቀለሁ ከስስ ናስ የተጠቀለለ፣ አፉ ከ14 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ወፍራም ነገር ነበር። አንተ የያዝከው ቀጭን ነው፣ አንገቱ ይጠባል፣ ቂጡ ላይ ቀን አለው። ይህ ጭስ አልባ ባሩድ ከመጣ በኋላ የተሠራ ጥይት ነው።

ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ እንደዚያው ያለ ቀለህ አለ። በማስመሪያ ስለካው ርዝመቱ 52 ሚሊ ሜትር ነው። ከቂጡ አጠገብ ዙሪያውን የገባ ቦይ አለው፤ ቂጡ ግን ከአካሉ አልፎ አይወጣም። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ሳሽከረክረው የሚይዘኝ ጠርዝ የለም። አፉ ትንሽ እርሳስ የሚያስገባ፣ 6.5 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። ይህ የጣሊያን የካርካኖ ጠመንጃ ጥይት ነው፤ ጠመንጃው እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣ ሲሆን ጣሊያን በ1928ቱ ወረራም በኋላም ዋና መሣሪያው አድርጎታል። ስድስት የሚይዘው የናስ መያዣህ ይህንኑ ያረጋግጣል። ወታደሩ ስድስቱን ጥይት ከነመያዣው አብሮ ያጎርሳል፤ የመጨረሻው ጥይት ወደ አፈሙዝ ሲገባ ባዶው መያዣ ከሥር ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። ስለዚህ ጣሊያን ተኝቶ የተኮሰበት ጉድጓድ ሁሉ እነዚህ መያዣዎች ይረግፉበታል። ምንሽር የምንለው የኦስትሪያው ማንሊኸር ተመሳሳይ መያዣ አለው፣ ግን አምስት ነው የሚይዘው። አምስትና ስድስትን መቁጠር ብቻ ከብዙ ክርክር ያድንሃል።

936 የሚለው ተከታታይ ቁጥር አይደለም፣ ዓመት ነው። ጣሊያኖች ከፊቱ ያለውን 1 ትተው 935፣ 936፣ 939 እያሉ ይጽፉ ነበር። 936 ማለት 1936 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 36 የሚል ያይና 1936 ዓ.ም. ብሎ ያነባል፤ ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ ያደርገዋል። የአውሮፓን ዓመት ወደኛ ስትመልስ 7 ወይም 8 ቀንስ፤ የአንተ ጥይት በ1928 ወይም በ1929 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ከቁጥሩ ጎን ፊደል ሊኖር ይገባል። ኤስ ኤም አይ የሚል ከሆነ ሶቺየታ ሜታሉርጂካ ኢታሊያና የሚባለው ፋብሪካ ነው፤ ቢ ፒ ዲ ከሆነ ቦምብሪኒ ፓሮዲ ዴልፊኖ ነው። ፊደሉ ካልታየህ ባዶውን ቀለህ ብቻ ውሰድ፣ ቂጡን ጠመኔ ቀባው፣ በጣትህ ጥረገው። ነጩ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ ፊደሉም ይወጣል። ከዚያ በስልክህ መብራት ከጎን አብራበትና ፎቶ አንሳ። ፊት ለፊት ያበራኸው መብራት ምንም አያሳይህም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ዓመቱ ጥይቱ የተሠራበት ነው፣ የተተኮሰበት አይደለም። በ1928 የተሠራ ጥይት ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ከአምስት ዓመት በኋላ ይተኮሳል። ቁልቋል በር ላይ የሆነውም ይኸው ይመስለኛል። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ጎንደር ላይ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ወራት ተቋቁሞ ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚያስገባውን መንገድ የሚዘጋው ምሽግ ቁልቋል በር ነው። በዚያ የነበሩት ካራቢኒየሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊሶች፣ የፋሺስቱ ሚሊሺያ የ240ኛው ጥቁር ሸሚዝ ሻለቃ፣ ከእነሱም ጋር ከአገሩ ሰው የተመለመሉ ወታደሮች ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር፣ አፍሪካውያን ወታደሮቹና አርበኞች ያደረጉት ከበባ ወራት ፈጀ። ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ምሽጉ ወደቀ፣ በስድስተኛው ቀን ጎንደርም እጅ ሰጠች። ይህ እዚያ ለሞቱት አርበኞችና አፍሪካውያን ወታደሮች የድል ቀን ነው። ለጣሊያን ካራቢኒየሪ ደግሞ የሐዘን ቀን ነው፤ እስከ ዛሬ የጠባቂ ቅድስታቸውን በዓል የሚያከብሩት በዚያው ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ነው። አንተ በአካፋ የነካኸው መሬት ይህ ነው።

ስለዚህ የቆብ ምልክቱ ግር አይበልህ። ከላዩ እሳት የሚነድ ኳስ የካራቢኒየሪ ምልክት ነው። ኳሱ ደግሞ የጥንት ቦምብ ነው። መሃሉ ላይ ቪ እና ኢ የሚሉ የላቲን ፊደላት ተጠላልፈው ካየህ የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ዘመን ነው ማለት ነው። ሌሎች የጣሊያን ክፍሎችም ተመሳሳይ እሳት አላቸው፤ ስለዚህ ፊደሉን ሳታይ አትደምድም፣ ግን ቦታው ቁልቋል በር ከሆነ እኔ በካራቢኒየሪው ላይ ነው የምወራረደው።

ኮከቧም የደርግ አይደለችም። አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ሁሉ ኮሚኒስት አይደለም። የጣሊያን ወታደር ከማዕረግ ሳይለይ ኮሌታው ላይ ትንሽ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ያደርጋል፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ከጀርባዋ ጨርቅ ላይ የምትያዝበት ጉጥ ወይም ቀለበት ይኖራታል፤ እይው። ደስ የሚለው ነገር ጥቁር ሸሚዞቹ ኮከብ አያደርጉም ነበር። የእነሱ ኮሌታ ላይ ያለው የታሰረ በትርና መጥረቢያ፣ ፋሺዮ የሚባለው ነው። አንድ ጉድጓድ ኮከብ ብቻ ሰጥቶህ ሌላው ፋሺዮ ብቻ ቢሰጥህ፣ የትኛው ክፍል የቱ ጋ እንደተኛ እያነበብክ ነው ማለት ነው። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ብለህ ዕቃውን ብቻ ስትልክልኝ ግማሹን ጥያቄ ነው የላክኸው። ሌላው ግማሽ የት ነበር፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን አጠገብ የሚለው ነው። ቀለህ የሚገኘው ተኳሹ በቆመበት ነው። የተጣመመ እርሳስ የሚገኘው የተተኮሰበት ሰው በነበረበት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ቂጡ ዙሪያውን ጠርዝ ያለው፣ 56 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቀለህ ብታገኝ የእንግሊዝ 303 ነው፤ ከእሱ ላይ ኬ እና ኤፍ መሃላቸው የቀስት ምልክት ካለ ሕንድ አገር ኪርኪ የተሠራ ነው። ከዚያው አጠገብ 59 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ጠርዝ ያለው፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም ቀለህ ብታገኝ ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ አርበኛ እዚያ ነበር ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ሞንታና ሊትል ቢግሆርን የሚባል የጦር ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሰደድ እሳት ሣሩን ካቃጠለው በኋላ፣ በ1984 አርኪዮሎጂስቶች ከፈቃደኛ ዲቴክተር ያዦች ጋር ገብተው እያንዳንዱን ቀለህ ባለበት እያስቀመጡ ካርታ ላይ አነሱት። የመምቻውን ምት እያመሳከሩ አንዱ ጠመንጃ ከየት ወደ የት እንደተንቀሳቀሰ ሁሉ ተከተሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር በቀለህ ተፈተሸ። የእኛ ቁልቋል በርም፣ ማይጨውም ይህ ይገባቸዋል። አንተ ሃያውን ቀለህ በአንድ ፌስታል ስትከት ያ ካርታ ጠፋ። ለመውቀስ አይደለም፣ ማንም አልነገረህም። ዛሬ ማታ ግን ቁጭ ብለህ የምታስታውሰውን ጻፈው፤ የትኛው ከየት ወጣ፣ ምሽጉ ውስጥ ነው ወይስ ከምሽጉ በታች፣ መያዣው ከየትኛው ቀለህ ጋር ነበር።

ሌሎች ተመሳሳይ ነገር ያገኙ ሰዎችም ይህን ስለሚያነቡ ስለ ዐድዋ አንድ ነገር ልጨምር። የካቲት 23 ቀን 1888 ጣሊያን የተኮሰበት ጠመንጃ ካርካኖ አይደለም፣ ቬተርሊ ነው። ቀለሁ አጭርና ወፍራም ነው፤ 47 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 10.4 ሚሊ ሜትር እርሳስ፣ ቂጡ ላይ ጠርዝ። ስለዚህ በቀጭን ካርካኖ ቀለህ ላይ «የዐድዋ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመህ ተሳስቷል ወይም ሊያሳስትህ ነው። ግን ተቃራኒውም አይሠራም። ቬተርሊ ያገኘህ እንደሆነ ወዲያው ዐድዋ አትበል። ጣሊያን አሮጌ ጠመንጃውን ለቅኝ ወታደሮቹ እ.ኤ.አ. እስከ 1930ዎቹ ሰጥቷል፣ አርበኛውም የማረከውን ሁሉ ተኩሷል። በእኛ አገር ጠመንጃ አይጣልም፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ዕቃው ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን እንደማይችል ይነግርሃል፤ ከዚህ በኋላ አይሆንም የሚልህ ግን ቦታው ነው።

ግማሾቹ ከነእርሳሳቸው ናቸው ብለሃል። እነዚህ ቀለህ አይደሉም፣ ጥይት ናቸው። ቂጣቸው መሃል ያለችውን ክብ ካፕሱል ተመልከት፤ ከተሰረጎደች ተመትታ የከሸፈች ናት፣ ካልተሰረጎደች ያልተተኮሰች። ሁለቱም ሊሠሩ ይችላሉ። በፒንሳ እርሳሱን አትንቀል፣ አትቀጥቅጥ፣ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጥ፣ ባሩዱን ለማየት አትሞክር። ለፖሊስ ስትደውል እነሱም እንዳሉ ተናገር። ሕጉም እዚህ ላይ ቀልድ የለውም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝን ይከለክላል፣ አሮጌ ነው ብለህ አትከራከርም። ራስህ ደውለህ ስታስረክብና ተይዞብህ ሲገኝ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሎሚና አሸዋውን እርሳው። ናሱ ላይ ያለው አረንጓዴ ቆሻሻ አይደለም፣ ናሱ ራሱን የሸፈነበት ቆዳ ነው። ሎሚ ያንን ቆዳ ይልጠዋል፣ አሸዋ ደግሞ ፊደሉን ይፍቀዋል። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጥልቀት ላይ ነው 936 የተጻፈው፤ አንድ ጊዜ ከፈተግከው ዓመቱም ፋብሪካውም ሄደ። ባዶዎቹን ቀለሆች፣ መያዣውን፣ ኮከቧንና ምልክቱን ንጹሕ ውኃ ውስጥ አቆያቸው፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ተጠቀም፣ ጥላ ላይ አድርቃቸው። ይበቃል። ብረት የሆነ ነገር ካለ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለዓመታት አፈር ውስጥ የነበረ ብረት አየር ሲያገኝ መሰንጠቅና መፈርፈር ይጀምራል፣ ስለዚህ ደረቅ ቦታ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፣ አትፈትገው። ይህ ሁሉ የምለው ባዶና ክፍት ስለሆነ ነገር ብቻ ነው። የተዘጋ፣ ክብደት ያለው፣ ክንፍ ያለው፣ ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ነገር ያለው ዕቃ ሁሉ አይታጠብም፣ አይነሳም።

ስንት ያወጣሉ ላልከው ብዙ አታስብ። የካርካኖ ቀለህ በሚሊዮን በሚሊዮን የተሠራ ነገር ነው፤ በኪሎ ለቁራሌው ካልሆነ ገዢ አታገኝለትም፣ ለቁራሌው መስጠት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ቁራሌው ጋ የሚሄድ ብረት መሃል ያልፈነዳ ነገር ይገባል፣ ከዚያ መዶሻ ያገኘዋል፣ መዶሻው አጠገብ ብዙ ጊዜ ሕፃን አለ። ምልክቱና ኮከቧ ሰብሳቢ ሊፈልጋቸው ይችላል፣ ግን የአንተ አይደሉም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሳይታሰብ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ያዛል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርም ክልክል ነው። «ወርቅ እየፈለግኩ ነው» ማለት አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ቀለህ መውጣት ከጀመረ በኋላ እዚያው ቦታ መቆፈር ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ማሽንህም ልንገርህ። ለወርቅ የተሠሩ ጠንካራ ዲቴክተሮች ጥልቅ ይሰማሉ፣ ግን ወርቅን ከናስና ከብረት በደንብ አይለዩም። ስለዚህ የሚጮኸውን ሁሉ ትቆፍራለህ፤ እዚህ ልማድ ላይ ነው አደጋው ያለው። በጦር ሜዳ ላይ የሚጮኸው ቀለህም ሊሆን ይችላል፣ የሞርታር ጥይትም፣ የመኪና መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂም። በዚያ አገር ላይ የ1934 ጦርነት ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ብዙ ተተኩሷል፣ አዲሱና አሮጌው አንድ አፈር ውስጥ ነው ያለው። በትግራይ፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ለምትቆፍሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ጣሊያን የሰናፍጭ ጋዝ በቦምብ ጥሏል፣ መንዝ ዘረት ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 በተሸሸጉ ሰዎች ላይ ተጠቅሞበታል። ፈሳሽ የሚያዥ ወይም ነጭ ሽንኩርት ነገር የሚሸት የቦምብ ቅርፊት ካያችሁ ነፋሱ ከቅርፊቱ ወደ እናንተ በማይነፍስበት በኩል ራቁ። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አያምም፣ ቁስሉ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ «ምንም አልሆንኩም» ብላችሁ ወደ ቤት አትግቡ፣ ታጥባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። አጥንት ካገኛችሁም አቁሙ። የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም፤ ጣሊያንም ይሁን አርበኛ፣ የሚያስቆፍረው ሌላ ሰው ነው።

ያልኩህን በአንድ ላይ አድርግና እንዲህ አድርግ፦ ዛሬ ለፖሊስ ደውል፣ ቀይ ቦምብ እና ያልተተኮሱ ጥይቶች አሉ በላቸው፣ ከየት እንዳወጣሃቸው ትክክለኛውን ቦታ ንገራቸው፣ ምክንያቱም አንድ ቦምብ በከሸፈበት ሜዳ ሌላም አለ። እነሱ እስኪመጡ ወደዚያ ክፍል ማንም አይግባ። ባዶዎቹን ቀለሆች፣ መያዣውን፣ ኮከቧንና የቆብ ምልክቱን ፎቶ አንሳ፣ ከጎናቸው ማስመሪያ አስቀምጥ፣ ከጻፍከው ማስታወሻ ጋር ጎንደር ላለው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አስረክብና የተረከቡበትን ወረቀት ተቀበል። ማሽኑን ይዘህ ወደ ቁልቋል በር አትመለስ። መመለስ ካማረህ ባዶ እጅህን ሂድ፣ ከምሽጉ ላይ ቁመህ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ተመልከት፣ በአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎችንም ስለዚያ ኅዳር ጠይቃቸው። የሚነግሩህን ጻፍ፤ ያንን ስትልክልኝ አብረን እናነባለን።